ሁለቱን ስጠብቅ የሸኘኋት ልጅ

መንታ ማርገዜ ሲነገረኝ የመጀመሪያዋ ልጄ ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። ገና ጡት ትጠባለች። እሷን እያጠባሁ የወር አበባዬ ስላልተመለሰ ማርገዜን እንኳ በጊዜው አላወቅሁም። መርሳ ከተማ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሲያጥወለውለኝ ጨጓራዬ ነው እያልኩ ትኩስ ነገር መጠጣት ተውኩ። ሆዴ ሲገፋ ደግሞ ከመጀመሪያው ወሊድ ያልሟሸሸ ነው ብዬ ተጽናናሁ። በመጨረሻ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ በእረፍት ሰዓት ጎን ለጎን ቆመን አየት አደረገችኝና ነገ ጤና ጣቢያ ካልሄድሽ እኔው እጎትትሻለሁ አለችኝ።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሆዴን በሜትር ለካችው። እንደገና ለካችው። ከቆጠርነው ወር ጋር አልገጥም እንዳላት ነግራኝ ወልድያ ሄጄ አልትራሳውንድ እንድነሳ ወረቀት ጻፈችልኝ። ባሌ አናጺ ነው፤ በዚያ ሳምንት ለአንድ ሰርግ ቤት የሚያደርሰው አልጋ ነበረው። ስለዚህ ልጄን አዝዬ ብቻዬን በሚኒባስ ሄድኩ።

ሐኪሙ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ልጄ ከአልጋው ጎን ቆማ የነጠላዬን ጫፍ እየጎተተች ታለቅሳለች፤ እሱ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ማሽኑን ሆዴ ላይ ሲያንሸራትት ቆየና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። በጣቱ አንድ ክብ ነገር አሳየኝ፤ ከዚያ ሌላ ክብ ነገር አሳየኝ። መንታ ናቸው አለኝ። ፊቴን አይቶ ደስ አላለሽም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

"ይቺን ማን ያዝልልኛል?" አልኩት፤ ወደ ልጄ እያመለከትኩ።

ፈገግ አለ። የቀለድኩ መስሎታል።

ስመለስ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተቀምጬ እስከ መርሳ ድረስ አለቀስኩ። ልጄ ደረቴ ላይ ተለጥፋ እየጠባች ተኝታ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው ሞቶብኝ መስሏቸው አላህ ያጽናሽ አሉኝ። አሚን አልኳቸው። ምን እላለሁ?

ባሌ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ቤቱን ዙሪያውን አየ። የምንኖረው በኪራይ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠብኩ፣ እሱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ልጃችንን እያጫወተ ሳለ አንድ ነገር ተናገርኩ።

"አንድ ቢሆን ምን ነበረበት?" አልኩ። "አንዱ ይበቃኝ ነበር።"

እሱ ልጅቷን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። እኔም ማጠቤን ቀጠልኩ። ሰው በድካሙ ስንት ነገር ይናገራል፤ አብዛኛው ከአፍ ወጥቶ ይጠፋል። ይህ ግን አልጠፋም።

ጡት ማስጣል ነበረብኝ። አዋላጇም ነገረችኝ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ነገረኝ፤ በሆድሽ ሁለት ይዘሽ ሦስተኛ ልታጠቢ አትችዪም አሉኝ። ከጎረቤት እሬት አመጡልኝና ጡቴን ቀባሁት። ልጄ እንደ ልማዷ ከጨዋታዋ ሮጣ መጣች፤ ጭኔ ላይ ወጥታ ቀሚሴን ራሷ ገለጠችና አፏን አስጠጋች። ፊቷ ተጨማደደ። ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። የራሷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ጡቴን ጠረገችው፤ አፈር የነካው ነገር ስታገኝ እንደምታደርገው ደጋግማ ጠረገችውና እንደገና ሞከረች። አሁንም መራራ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። በዚያ ሰዓት ተነስቼ ታጥቤ ልሰጣት ነበር፤ ጎረቤቴ እጄን ይዛ አስቀረችኝ። አሁን ከሰጠሻት ነገ ከዚህ ይብስባታል አለችኝ። እውነቷን ነው። በሦስተኛው ቀን ልጄ መጠየቅ አቆመች። ጆሮዬን ይዛ መተኛት ለመደች።

ሆዴ ደግሞ በፍጥነት ገፋ። በስድስተኛው ወር የዘጠኝ ወር እርጉዝ እመስል ነበር። መርሳ ሙቀት ነው፤ ማንጎ በሚደርስበት ወራት ከቀትር በኋላ ግቢ ውስጥ መቆም እንኳ ይከብዳል። እግሮቼ አብጠው የባሌን ነጠላ ጫማ ነበር የማደርገው። ልጄ አጠገቤ መጥታ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "አዚኝ" ትለኛለች፤ እዘዪኝ ማለቷ ነው። ዝቅ ብዬ ላነሳት አልችልም። መሬት ተቀምጬ አጠገቤ ላስቀምጣት ስሞክር አይሆንም ትላለች፤ እሷ የምትፈልገው ጀርባዬን ነው። ቆማ እጇን እንደዘረጋች ትጠብቀኛለች። ክንዷ ሲደክማት ዝቅ ታደርገውና ትንሽ ቆይታ እንደገና ታነሳዋለች። ከሥራ ስመለስ በሩቅ አይታኝ ስትሮጥ ልቤ በደስታ ፈንታ ይጨነቅ ጀመር፤ ደርሳ እጇን እንደምትዘረጋ አውቃለሁና።

በሰባተኛው ወር ደም ግፊቴ ከፍ አለ። ወልድያ ሆስፒታል አጠገብ ሆኜ እንድተኛና በየሳምንቱ እንድታይ ታዘዝኩ። እናቴ ያረፈችው ተማሪ ሳለሁ ነው። ወልድያ ያለችኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ። ዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል ቤት አላት፤ በሩ በቀጥታ መኪና መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። እኔን ለመቀበል ደስተኛ ነበረች፤ ልጅ ግን የሚሮጥበት ቦታ አልነበረም፤ እኔም ሮጬ የምይዝበት አቅም አልነበረኝም።

አማቴ ነገሩን ሰምተው ከውርጌሳ መጡ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ማሽላ ማሳ ዳር ነው። ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም የማይደግሙ ሴት ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ እፈራቸው ነበር። ልጅቱን ልውሰዳት፣ አንቺ በሰላም ተገላገዪ፣ ከዚያ ትመጫለሽ አሉኝ። ሁለት ወር ነው፤ እዚያ ወተት አለ፣ ዶሮ አለ፣ የሚጫወት ልጅ ሞልቷል። ባሌ ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። እውነቱን ለመናገር ሸክም ቀለለኝ፤ ይህንንም ዛሬ ድረስ ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ራሴ ወስጄ አብሬያት ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለመሄድ ስነሳ የጎረቤቱ ሴቶች ሁሉ አንድ ነገር መከሩኝ፤ ስትሄጂ እንዳታይሽ፣ ካየችሽ ታለቅሳለች፣ አንቺም ደም ግፊትሽ ይነሳል። አማቴ ብቻ ምንም አላሉም። ልጄ ከቤቱ ጓሮ ቁጢጥ ብላ ለጫጩቶች ጥራጥሬ ትበትን ነበር። ጀርባዋን ነው ያየሁት። ትንሽ ቆሜ፣ የሆነ ነገር የረሳች ሴት መስዬ ወደ በሩ ሄድኩና ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ ደርሼ ሚኒባስ ስጠብቅ ድምፅ ብሰማ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም አልሰማሁም። ገና አላወቀችም ነበር።

ወልድያ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ነበሩ። አማቴ ስልክ ይደውሉና ልጄን ያገናኙኛል፤ ስልኩ ውስጥ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ አንዳንዴ "እማ" ትለኛለች። ባሌ አርብ ማታ ከመርሳ ይመጣና እሁድ ይመለሳል። እኔ በግራ ጎኔ ተኝቼ ቀን እቆጥራለሁ። ሁለቱ ሆዴ ውስጥ ጠባያቸው የተለያየ ነበር፤ በቀኝ ያለው ረባሽ ነው፣ ምሳ ስበላ ይራገጣል። በግራ ያለችው ቀስ ብላ ነው የምትገላበጠው፣ ቦታ እንደምትለምን ዓይነት። ቀስ በቀስ ወደድኳቸው። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም፤ አንድ ቀን ሁለቱንም ሳነጋግራቸው አክስቴ ሰምታኝ ሳቀችብኝ።

አንድ ቅዳሜ ባሌ ወልድያ እንዳለ መንገድ ተዘጋ። በእኛ አካባቢ መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ነገ ይከፈታል ተባለ፤ አልተከፈተም። ስልክም ጠፋ። ባሌ መመለስ ስላልቻለ ከእኔ ጋር ቀረ፤ ልጃችን ደግሞ እናትም አባትም በሌሉበት ውርጌሳ ቀረች። በየቀኑ መናኸሪያ ወርዶ ይጠይቅና እጁን እያራገበ ይመለሳል። ከመርሳ በእግር የመጣ ሰው አለ ሲባል ሮጦ ይሄዳል፤ ስለ ውርጌሳ የሚያውቅ አላገኘም። እኔ ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልክ በነበረበት ጊዜ ለመጠየቅ ያልደፈርኩት። ጫጩቶቹን ስትጨርስ ዞር ብላ ስታጣኝ ምን አደረገች?

ምጥ የመጣብኝ በስምንተኛው ወር፣ ከምሳ በኋላ ነው። አክስቴና ባሌ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ለአክስቴ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። በግራ በኩል ያለችው ዝም ካለች አንድ ቀን ተኩል ሆኗት ነበር። ተኝታለች እያልኩ ነበር። ልጄን ሳስብ፣ መንገዱን ሳስብ፣ በደንብ አላዳመጥኳትም።

ወንዱ ቀድሞ ወጣ፤ እያለቀሰ ወጣ። የሆስፒታሉ አዋላጅ አንስታ አሳየችኝ፤ ትንሽ ነው ግን ጤነኛ ነው አለችኝ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ድምፅ እየቀነሰ መጣ። ግፊ ተባልኩ፤ ገፋሁ። ሁለተኛዋ ወጣች። የወንዱ ልቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማው። አዋላጇ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለብዙ ጊዜ ስትሠራ አየኋት፤ ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። በኋላ ትከሻዋ ቆመ።

ከመወለዷ በፊት ነው ያረፈችው አሉኝ። ምክንያቱን አናውቅም አሉ፤ በመንታ እርግዝና ያጋጥማል አሉ። ስለ አንድ ቀን ተኩሉ ስነግራቸው አንዲት ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያኔውኑ ብትመጪም ምናልባት አናተርፋትም ነበር አለችኝ። "ምናልባት" የምትለዋን ቃል ሰማሁ። ሌላውን አልሰማሁትም።

ልያት አልኩ። አክስቴ አይሆንም አለች፤ ዓይንሽ ላይ ትቀርብሻለች፣ አታጠቢም፣ አትተኚም ብላ ለመነችኝ። አዋላጇ ግን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፀጉር ነበራት፤ እርጥብ፣ ጥቁር፣ ግንባሯ ድረስ የመጣ። አፍንጫዋ የታላቅ እህቷ ነበር። ያንን አልጠበቅሁም። የማላውቀውን ልጅ የማይ መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ትልቋ ልጄን በተወለደችበት ቀን ነው፣ ዓይኗን ጨፍና።

በማግስቱ ከቀትር በፊት፣ ዙሁር ሳይሰገድ አባቷ ወስዶ ቀበራት። ከአክስቴ ሰፈር ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ሄዱ። ስም አውጥቶላት ነበር፤ ያንን ስም እኔና እሱ ብቻ ነው የምናውቀው፣ እዚህም አልጽፈውም። ሲመለስ የሱሪው ጉልበት ላይ አፈር ነበር። ከክፍሉ ውጭ ካለው ቧንቧ እጁን ሲታጠብ በመስኮት አየዋለሁ። ታጥቦ ይጨርሳል፣ እጁን ያያል፣ ቧንቧውን እንደገና ይከፍተዋል።

መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ሲቀመጥ ያ ግቢ ውስጥ የተናገርኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

"አንዱ ይበቃኝ ነበር ብዬ ነበር" አልኩት። "ሰምተኸኛል።"

እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገ። ወንዱ ልጅ በመካከላችን ተኝቷል።

"እኔም ብዬዋለሁ" አለኝ በመጨረሻ። "ድምፄን አውጥቼ አላልኩትም እንጂ።"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ግን በሕይወቴ ከሰው የተሰጠኝ ትልቁ ነገር ያ ቃል ነው ብዬ አስባለሁ።

ጠያቂዎች መጡ። ሁሉም ደግ ነበሩ። አንዱን ትቶልሻል፣ አልሐምዱሊላህ በይ አሉኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤም ነው ያልኩት። ነገር ግን ለልደት የመጣና ለሐዘን የመጣ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ የት እንደማይ ግራ ይገባኝ ነበር። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ የመጡት የአክስቴ ክርስቲያን ጎረቤት ገንፎ ይዘው ገብተው፣ ነገሩን በር ላይ ሰምተው ኖሮ ሳህኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ወተቴ ደግሞ ለሁለት መጣ። ጡቴ ድንጋይ ሆነ፤ ልጁ አንዱን ጠብቶ ይተኛል፣ ሌላው ቀሚሴን ያርሳል። ሰውነቴን ማንም አልነገረውም።

መንገዱ የተከፈተው ልጁ ከተወለደ ከሃያ ቀን በኋላ ነው። አርባሽን ሳትጨርሺ አትሂጂ ብትለኝም አክስቴን አልሰማኋትም። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርን። መርሳ ስንደርስ ቤታችን አጠገብ እንኳ አልወረድንም፤ በቀጥታ ውርጌሳ ገባን።

ልጄ ግቢው ውስጥ ነበረች። ፀጉሯ ጎን ጎኑ ተላጭቶ መሃሉ ብቻ ቀርቷል። ረዝማለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል። ስሟን ጠርቼ ልጁን ለአባቱ ሰጥቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ሮጠች። የሮጠችው ግን ወደ አማቴ ነው። ቀሚሳቸውን ይዛ "እማ" አለቻቸው፤ ከኋላቸው ሆና በአንድ ዓይኗ ታየኝ ጀመር።

አማቴ ደነገጡ። እናትሽ ናት፣ ሂጂ ሳሚያት አሏት። ልጄ የታዘዘችውን አደረገች። ቀስ ብላ መጥታ፣ ለእንግዳ እንዳስተማሯት፣ እጄን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ሮጣ ተመለሰች።

እጄን ይዤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ሊያነሳኝ መጣ፤ ተወኝ አልኩት።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ አማቴ ልጅቱ ስትተኛ ጠብቀው አጠገቤ ተቀመጡና እኔ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በሄድኩበት ቀን ምሳ ድረስ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ግን ከአስፋልቱ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር እየሮጠች አጥሩ ጋ ትቆማለች። መኪናው አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አትንቀሳቀስም። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረገች። በአሥረኛው ቀን መኪና አለፈ፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ከዚያ አማቴ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ማሽላው ማሳ ላይ አደረጉ። "አንድ ነገር ደብቄሻለሁ" አሉ። "እንቅልፍ እምቢ ሲላት ጡቴን ሰጠኋት። ምንም የለውም፤ ደረቅ ነው። ግን ይዛው ትተኛለች። ቅር እንዳትሰኚብኝ።"

ምን ልበላቸው? የስንት ልጅ እናት የሆኑ፣ እኔ የምፈራቸው ሴት፣ በደረቅ ጡታቸው ልጄን ሲያባብሉ ከረሙ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቅሬታው ግን አልነበረም ማለት አልችልም። ነበረ። ልቤ ውስጥ ምስጋናውና ቅናቱ ጎን ለጎን ነበሩ።

ወደ መርሳ ይዣት ልሂድ ስል አልፈቀዱልኝም። "ዛሬ አትወስጃትም" አሉኝ። "አንዴ ተነጥቃለች። አንቺው እዚህ ትቀመጫለሽ።" ባሌ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔ የወሊድ ፈቃዴን ውርጌሳ አሳለፍኩት።

በእነዚያ ቀናት የተማርኩት የገዛ ልጅን መጠበቅ ነው። ስትጫወት ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ውሃ ስትፈልግ ከእሳቸው ትጠይቃለች። ወንድሟን ግን ወደደችው፤ ሳጠባው መጥታ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን በጣም ቀረብ አለች፤ ጣቷን የልጁ ጉንጭ ላይ አድርጋ ሲጠባ የሚንቀሳቀሰውን ታያለች። ሌላኛው ጡቴ ይንጠባጠብ ነበር። የእህቱ ነበር ያ ወተት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነይ ጥቢ አልኳት። ጡቴን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ራሷን ነቀነቀች።

"መራራ ነው" አለች።

በዚያ ዕድሜዋ ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ይህ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ከቁጣ አልነበረም፤ እሳት ያቃጥላል እንደሚባለው፣ የምታውቀውን ነገር ነገረችኝና ወደ ጫጩቶቿ ሄደች።

ወደ እኔ የመለሷት አማቴ ናቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ልጄ ስትሮጥ ድንጋይ አደናቀፋትና ጉልበቷ ተላጠ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፣ አማቴ ከእኔ አለፍ ብለው ማሽላ ያበጥራሉ። እያለቀሰች በአጠገቤ አልፋ ወደ እሳቸው ሮጠች። አማቴ ሰፌዱን አስቀመጡና ተነሱ። እጃቸውን ይዘረጋሉ ብዬ ስጠብቅ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቤት ገቡ፤ በሩንም ዘጉት። ልጄ የተዘጋው በር ፊት ቆማ እየጮኸች በመዳፏ መታችው። አልተከፈተም። ዞረች። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ፊቷ በእንባና በአፈር ተለውሶ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

አነሳኋት። ጀርባዬ ላይ አድርጌ በነጠላ አሰርኳትና ማሽላው ዳር ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ፤ ሲቃዋ እስኪቆም፣ ከዚያም እስክትተኛ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አማቴ ጨለም ያለው ጥግ ላይ፣ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ። እሳቸውም እንዲያ ይፈልጉ ነበር።

ወደ መርሳ ስንመለስ አስፋልቱ ድረስ ሸኙን። በዚህ ጊዜ ልጄ እንድታያቸው፣ እንድትሰናበታቸው አደረግሁ፤ ልቅሶዋ ሚኒባሱን ሞላው። ረዳቱ ከረሜላ ሰጣት፤ አልያዘችውም። በመስኮት ሳይ አማቴ መንገዱ ዳር ቆመዋል። አንዱ ሲኖትራክ አልፎ አቧራው ሲነሳ እንኳ ፊታቸውን አላዞሩም።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ልጄ ዘንድሮ ኬጂ ገብታለች። "እማ" የምትለው እኔን ነው፤ አማቴን "ትልቋ እማ" ትላቸዋለች። ከዚያ ጊዜ ምንም አታስታውስም ይሉኛል፤ እኔ ግን አስተውላታለሁ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ የት ነው የምትሄጂው ትለኛለች። ሱቅ ደርሼ ስመለስ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ፤ መምጣቴን አይታ ወደ ጨዋታዋ ትመለሳለች። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳልነግራት ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ታልቅስ። ብታለቅስም ነግሬያት ነው የምሄደው።

ባለፈው ዓመት ወልድያ ለሥልጠና ተጠርቼ ባሌና ልጆቹ አብረውኝ መጡ። ሴት ወደ መቃብር ቦታ መሄድ በእኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም፤ ግን አሳየኝ አልኩት። ልጆቹን ከአክስቴ ዘንድ ትተን ወጣን። ባሌ ከፊት ከፊት እየሄደ አንድ ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሁለት ትንንሽ የድንጋይ ክምሮች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሣር በቅሎባቸዋል፣ በመካከላቸው አንድ እርምጃ ያህል ነው። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየ። ያኔ አንድ ብቻ ነበር አለኝ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን ነካካ፤ ቀና አለ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚሞክር ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

"ግድ የለም" አልኩት።

በመካከላቸው ቆምንና እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግን፤ ለሁለቱም። የሌላኛው ልጅ እናት ማን እንደሆነች አላውቅም፤ እሷም መጥታ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። ነፋሱ ነጠላዬን ይጎትተው ነበር። ባሌ የወደቀች አንዲት ድንጋይ አንስቶ ከግራው ክምር ላይ መለሳት፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድንጋይ ፈልጎ ከቀኙም ላይ አኖረ። ከዚያ ልጆቹ ምሳ ሳይበሉ ቆይተዋል ብለን ዳገቱን ወጣን።